ውኃን ከበረሃ አየር፦ ከቤተ ሙከራ በፊት በኮምፒውተር የሚፈተኑ ቀዳዳማ ቁሶች

የ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለጃፓናዊው ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ በአውስትራሊያ ለሚሠሩት ሪቻርድ ሮብሰን እና በአማን ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ለተወለዱት ኦማር ያጊ በጋራ መሰጠቱ በዐረቡ ዓለም በደስታ ተዘግቧል። ሳይንቲስቶቹ የተሸለሙት የብረታ ብረት አዮኖችን በካርቦን አዘል ሞለኪውሎች በማገናኘት፣ ውስጣቸው በጥቃቅን ክፍተቶች የተሞላ ክሪስታሎችን በመሥራታቸው ነው። ከእነዚህ የአንዱ ቁስ ጥቂት ግራም ብቻ፣ የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳን ያህል ይሰፋል።

የዚህ ሥራ ትርጉም ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በአካባቢው የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ጨዉ የተለየ የባሕር ውኃ ሲሆን፣ ጨው የመለየቱ ሥራ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ከባሕር ዳርቻ ርቆ ለሚገኝ መንደርም ውኃው በረጅም ቧንቧ ወይም በቦቴ መድረስ አለበት። የቧንቧ ውኃ በሌለበት ቤት ያደጉት ያጊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት ግን፣ ተስማሚ ቀዳዳማ ቁስ ሌሊት ከበረሃ አየር እርጥበትን ይስባል፤ ቀን በፀሐይ ሙቀት መልሶ ይለቀዋል።

ጥያቄው ተስማሚው ቁስ የትኛው ነው የሚለው ነው። ብረቱ ወይም ማገናኛው ሞለኪውል በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቁስ ይገኛል። እስካሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሠርተዋል፤ ሊሠሩ የሚችሉት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ሁሉንም በቤተ ሙከራ መፈተን ስለማይቻል ተመራማሪዎች ወደ ኮምፒውተር ሲሙሌሽን ዞረዋል።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ አቶም እንደ አንዲት ቅንጣት ይወሰዳል፤ ቅንጣቶቹ የሚሳሳቡበትና የሚገፋፉበት ኃይልም በቀመር ይገለጻል። በአንደኛው ዘዴ ሶፍትዌሩ የቅንጣቶቹን እንቅስቃሴ እጅግ ባጠረ የጊዜ እርምጃ ይከታተላል፤ አንዱ እርምጃ ከሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ክፍል ገደማ ነው። ሞንቴ ካርሎ በሚባለው በሌላው ዘዴ ደግሞ ሞለኪውሎችን በዘፈቀደ ወደ ክፍተቶቹ እያስገባና እያስወጣ፣ እያንዳንዱን ሙከራ በኃይል ስሌት መዝኖ ይቀበላል ወይም ይጥላል። በመጨረሻ ቁሱ በተወሰነ ሙቀትና ግፊት ምን ያህል ጋዝ ወይም ውኃ እንደሚይዝ ይታወቃል።

የዘዴው አቅም ጎልቶ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዎቹ 137,953 ቁሶችን በኮምፒውተር ነድፈው ሚቴን የመያዝ አቅማቸውን አሰሉ፤ ከ300 የሚበልጡት በወቅቱ ከታወቁት ሁሉ እንደሚሻሉም ተነበዩ። ተስፋ ከሰጡት አንዱን በቤተ ሙከራ ሠርተውም ልኬቱ ከትንበያው ጋር እንደሚስማማ አሳዩ።

ይሁን እንጂ ስሌት ከተመሠረተበት ግምት ሊሻል አይችልም። በስሌቱ ክሪስታሉ ብዙ ጊዜ እንከን የለሽና የማይነቃነቅ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እውነተኛው ቁስ ግን ጉድለት አለው፣ አንዳንዱም በእርጥበት ይፈርሳል። ውኃ ደግሞ ከሚቴን ይልቅ ለስሌት ያስቸግራል፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስም ሆነ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር በሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉና። የማምረቻ ዋጋና የበረሃ አቧራም ከቅንጣቶቹ ስሌት ውጪ ናቸው።

ስለዚህ ሲሙሌሽን ቤተ ሙከራን የሚተካ ሳይሆን መንገዱን የሚያሳጥር መሣሪያ ነው። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ እጩዎች ጥቂቶቹን ይለያል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን የሚሰጠው በፀሐይ ሥር የተቀመጠው ዕቃ የያዘው የውኃ መጠን ነው። ውኃ ብርቅ ለሆነበት አካባቢ የሚጠቅመውም ሁለቱን፣ ስሌቱንና የመስክ ፍተሻውን፣ በራሱ ባለሙያዎች አጣምሮ መያዝ ነው።