ቢርካው ይታጠር ወይስ እናት ትጠብቅ?

የካረን ዝናብ ሲገባ አውበሬ፣ ሐርሺን፣ ጅግጅጋ ዙሪያ ያሉ ቢርካዎች ይሞላሉ። ደስታ ነው። ከደስታው ጋር ግን «ልጅ ሰመጠ» የሚል ወሬም ይመጣል። ወዲያው ደግሞ «እናቱ የት ነበረች?» ይባላል።

እኔ ይሄ ጥያቄ አይዋጥልኝም።

ቢርካ ለማታውቁ፦ መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ ተለስኖ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ነው። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ አዋቂም ቢወድቅ የሚጨብጠው አያገኝም። የ3 ዓመት ልጅማ ምን ሊሆን ነው? ልጅ ሲሰምጥ ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ነዋ! ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎሉ ኦክስጅን ያጣል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ጀሪካን እስክትሞላ ማለት ነው። ስለዚህ «ዓይንሽን አትንቀዪ» የሚል ምክር ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300 ሺህ ሰው ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል። ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ ልጅን ከውሃ የሚለይ አጥር ነው።

«አጥርማ አለ» የምትሉ አላችሁ። ልክ ነው፣ ብዙ ቢርካ በእሾህ ይታጠራል። ግን የታጠረው ለከብት ነው! መቅጃው ጋ ክፍት ይተዋል፤ ልጁም የሚገባው እናቱ በገባችበት ነው። በመዋኛ ገንዳዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም በአራቱም ጎን የታጠረና በር ያለው ገንዳ፣ በቤቱ በኩል ክፍት ከተተወው በብዙ እንደሚሻል አሳይተዋል። በርና ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ስንት ብር ይፈጃል? ውሃውን የሚሸጥ ባለቤት ይሄን ቢያደርግ አይከስርም። በቆርቆሮ ቢከድነው ደግሞ ትነቱም ይቀንስለታል።

«አጥር ሰው ያዘናጋል» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ቀድቶ በሩን ከፍቶ የሚሄድ ሰው አጥሩን ከንቱ ያደርገዋል። ሙቀት በዛ ብሎ አጥር ዘሎ የሚዋኝ የ17 ዓመት ጎረምሳም ኃላፊነቱ የራሱ ነው። ዋና ሳይችል ጓደኛውን ሊያወጣ የሚዘልስ? ሁለት ሬሳ ይወጣል። እባካችሁ አትግቡ! ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ፣ በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት፤ ይንሳፈፋል። በየቢርካው አጠገብ ይሄ ተሰቅሎ ባየሁ።

ልጁ ወጥቶ ካልተነፈሰ በእግሩ መዘቅዘቅና ሆዱን መጫን ይቅር፤ ጊዜ ይበላል፣ ትውከትም ወደ ሳንባ ያስገባል። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ጫን ጫን፣ 2 ትንፋሽ፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ ደጋግሙ። ቢነቃም ሐኪም ይየው፤ የመተንፈስ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጅግጅጋ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ገጠር ላለው ቤተሰባችሁ ዛሬ ደውሉ፦ የቢርካው በር መቀርቀሪያ አለው? መልሳቸውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።