ሰይጣን ብቻውን ክብሪት አይጭርም

በአገራችን እንደ ሰይጣን ብዙ ዕዳ የተሸከመ የለም። ሰው ሰክሮ ገብቶ ሚስቱን ሲደበድብ አድሮ ሲነጋ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይላል። ወንድም የወንድሙን ድንበር ገፍቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ሰይጣን በመካከላችን ገባ» ይላል፤ ሽማግሌውም ራሱን እየነቀነቀ «አይ ይህ ርጉም!» ብሎ ፍርዱን ያለዝብለታል። አደራ የበላው፣ በሐሰት የመሰከረው፣ ነፍስ ያጠፋው ሁሉ ሸክሙን የሚያራግፈው በዚሁ በአንድ ጀርባ ላይ ነው። እኔ የሰይጣን ጠበቃ ልሆን አልተነሣሁም፤ ለእርሱ ጥብቅና የሚቆም ጠፍቶ አያውቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ሰይጣን ከወሰደው ለእኛ ምን ቀረን? ዘረፋው ብቻ?

ይህን ስል ነገር በአየር ላይ እየወረወርሁ አይደለም፤ አንድ ቀንና አንድ ከተማ በልቤ ይዣለሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። የዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የመጽሐፍ አገር ነው። ብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዚሁ በዲማ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ላሳተሙት ለ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ዲማን ከታሪኩ ዋና ቦታዎች አንዱ አድርገውታል። ወደ ሞጣ ሲዘልቁ ደግሞ በ18ኛው ምእተ ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የተከሉት የሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛል። ቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ውሻ እየተከላከለ ሲለምን፣ መምህሩ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያስነግር፣ ዘመን በዘመን ላይ ሲተካ ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ አገር ነው። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ሞጣ ላይ የተዘረፈው ቅኔ አልነበረም።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰማ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ በዚያ ቀን መላ የሚጨምር ሰው አጣ። አራት መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊሞች ሱቆችና ንግድ ቤቶች ተዘረፉ፤ ነደዱ። በማግስቱ ውግዘቱ ከላይ ከታች ጎረፈ፤ ተጠርጣሪዎች ተያዙ ተባለ፤ በልዩ ልዩ ከተሞች ሙስሊሞች ለተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። የሞጣ ሕዝብ በሙሉ ይህን አድርጓል የሚል ቢኖር ውሸታም ነው። ነገር ግን ያደረገው ሰው ከሰማይ አልወረደም። ስመ ክርስትና አለው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። በጥር ታቦት ያጅባል፤ በፍልሰታ ይጾማል። «ሰይጣን ገብቶ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል የሚታለፈው ይህ ሰው ነው፤ እኔም የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰይጣን ኃይል ታስተምራለች፤ አልክድም። ግን ምን ብላ እንደምታስተምር እንስማት እንጂ! የመጀመሪያውን ችሎት ሕፃን ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። አዳም ሴቲቱን ጠቆመ፤ ሔዋን እባቡን ጠቆመች፤ ጥቆማው አንዳቸውንም ከገነት ከመውጣት አላዳነም። እባቡ ተረግሟል፤ የእባቡ መረገም ግን ለሁለቱ የነጻ መልቀቂያ ወረቀት አልሆነም። በገዳመ ቆሮንቶስም ፈታኙ ክርስቶስን ከመቅደሱ ጫፍ አልገፈተረውም፤ ራስህን ወርውር ብሎ ለመነው እንጂ። የዓለምን መንግሥታት አሳየው፣ ቃል ገባለት፣ ክንዱን ይዞ ግን አላንበረከከውም። እንዲያውም ጥቅስ ጠቅሶለታል፤ «ሰይጣን ለተንኮሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል» የሚለው የባላገር ተረት ይህን ታሪክ በአንድ መስመር ይዞታል። ሐዋርያው ያዕቆብም ሰውን የሚጎትተው የገዛ ራሱ ምኞት እንደሆነ ጽፏል እንጂ ዲያብሎስ አንገቱን አንቆ ይወስደዋል አላለም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ክርስትና አባትና እናት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይናገራሉ። የተካደ ጌታ ሎሌውን የሚያዝዘው ሎሌው ራሱ ተመልሶ ደጁ ሲሄድ ነው።

እንግዲህ ምኞት ካልን ስለ የትኛው ምኞት እንነጋገር? በየመድረኩ «ዓለማዊ ምኞት» ሲባል ልጃገረዶች የሚለብሱት ሱሪ፣ ጎረምሶች የሚሰሙት ዘፈን ይነሣል። የሱሪው ነገር ይቆየንና ስለ ሱቁ እናውራ።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። አራሽ ቢሆን እንኳ በሰው መሬት ላይ ነው። ርስት የሌለው ሰው ምን ይበላል? ሸማ ይሠራል፤ አህያ ጭኖ ሲራራ ይነግዳል፤ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ይህ ብልጠት ሳይሆን የተገፋ ሰው ኑሮ ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነታቸውን ለመጠየቅ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስቱን ነገር ከሥሩ ነቀለው። ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ረጅም ዘመናት የልጅ ልጅ ሲተካ ዘንቢሉ መደብ ሆነ፤ መደቡ ሱቅ ሆነ፤ ሱቁም በዋናው መንገድ ዳር ፎቅ ሆነ። መሬቱን የከለከልነው እኛ፣ ንግዱ ሲያምርበት ዓይናችን የቀላው እኛ! ታዲያ በዚያ ዓርብ ቀን ነገሩ የሃይማኖት ቅንዓት ብቻ ከነበረ ሱቁ ውስጥ ምን ይሠራል? በየትኛው ድርሳን ላይ ነው የሰው ዕቃ ተሸክሞ ወደ ቤት መሮጥ የታቦት ክብር የሆነው?

በመጽሐፈ ኢያሱ አካን የሚባል ሰው አለ። እግዚአብሔር ራሱ ባዘዘው ጦርነት ላይ ከኢያሪኮ አንድ ያማረ ካባ፣ ሁለት መቶ ሰቅል ብርና አንድ የወርቅ ቡችላ አይቶ ተመኘ፤ ወስዶም ከድንኳኑ ሥር ቀበረው። በዚያ ካባ ጠንቅ ሕዝቡ ሁሉ በጋይ ከተማ ፊት ተሸነፈ። ልብ በሉ፤ አካን ሲጠየቅ «አየሁ፣ ጎመጀሁ፣ ወሰድሁ» አለ እንጂ ሰይጣንን አልጠራም። ከእኛ ዘመን ዘራፊ ይልቅ እርሱ የተሻለ ነዋ!

ሌላም ጉድ አለ። ሰይጣንን ማማረር ብቻ ሳይሆን አድራሻ መስጠትም እናውቅበታለን። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ልጅ ሲታመም ቡዳ ነው ይባላል፤ ቡዳውስ ማነው ቢባል ሁልጊዜ ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ሸማኔው ነው። አራሹ ቡዳ ሆኖ አያውቅም፤ ደጃዝማቹማ ጭራሽ! ዲያብሎስ የሚኖረው እጁ ሥራ በሚያውቅ፣ መሬት በሌለው፣ ዘመድ በማይበዛለት ሰው ቤት ነው ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲያቆም ዐዋጅ ያስነገሩት ይህ ነውር ምን ያህል አገር እንደሚያደኸይ ስለገባቸው ነው። ዐዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ቡዳው ግን እስካሁን አልሞተም። ማረሻውን የሚሠራልህን ሰው ቡዳ ካልህ፣ ጨውና ጋዝ የሚሸጥልህን ሰው ጠላት ማለት ሩቅ መንገድ አይደለም። ያው መንገድ ነው፤ አንድ ፌርማታ ይበልጣል።

ስለ መንፈሳዊ ዕውርነት ስብከት በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ እውነተኛው ዕውርነት ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬም ይህን በሽታ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ ፊት ያውቀዋል። አካሄዱ ይገርማል። ከልጅነት ጀምሮ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ዓይን ደጋግሞ ሲታመም የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ተገልብጦ ብሌኑን ይፍቃል። ዓይንን ከአቧራ ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው ፀጉር ራሱ ዓይኑን ያጠፋዋል። እናቶች በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ግን ተመልሶ ይበቅላል። የተገለበጠው ቆብ በቀዶ ሕክምና ካልተመለሰ ሕመሙ አይለቅም።

የሃይማኖት ቅንዓትም የነፍስ ሽፋሽፍት ነው። እምነትን ከአቧራ እንዲጠብቅ ተሰጠ። ሲገለበጥ ግን የሚፍቀው የሌላውን ዓይን አይደለም፤ የራስን ነው። ሞጣ ላይ መስጊድ ያቃጠለ ሰው የእስልምናን አንዲት ፊደል አልፋቀም፤ ያጠፋው የገዛ ክርስትናውን ብሌን ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ የምንሠራው የወረንጦ ሥራ ሆኗል። አንድ የዕርቅ ጉባኤ ይደረጋል፤ ሼሁና ቄሱ ተቃቅፈው ፎቶ ይነሣሉ፤ የነጃሺ ታሪክ ለሺህኛ ጊዜ ይተረካል፤ ፀጉሩም ተመልሶ ይበቅላል። የነጃሺ ታሪክ ውብ ነው፤ ግን የአክሱም ንጉሥ በ7ኛው ምእተ ዓመት ላስተናገደው ስደተኛ የዛሬው ሰው ምስጋና የሚቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

በአንጻሩ ደግሞ እዩ። በጎጃም ተወልደው በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደባቸው አለቃ አያሌው ታምሩ በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከቤተ ክርስቲያናችን ዐበይት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ፤ የሊቃውንት ጉባኤን በሰብሳቢነት መርተዋል፤ ያመኑበትንም በፓትርያርክ ፊት ከመናገር አልተመለሱም። በያሉበት ጉባኤ ቤት የሥጋ ዓይን ሳይኖራቸው መጻሕፍቱን በቃላቸው የያዙ መምህራን ብዙ ነበሩ። ሁለት ዓይን ይዞ በጭስ ውስጥ የሰው ዕቃ የሚመርጥ ጎረምሳ ከእነዚህ ጋር በአንድ አገር ማደጉ እንዴት ያለ ነገር ነው?

«የእኛስ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የት ነበርህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጅግጅጋና አካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናት ተገድለዋል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በሲዳማም ተቃጥለዋል። ይህ ግፍ ነው፤ በዝምታ የሚታለፍም አይደለም። ግን የጅግጅጋውን ካህን ደም የሞጣ ሸቃጭ እንዲከፍል የፈረደው የትኛው ዳኛ ነው? ይህ ስሌት የት እንደሚያደርስ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አየነው። ጎንደር ላይ የአንድ ሼህ ቀብር ሲፈጸም ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ጎንደር የተገደለውን ሰው ወራቤ ላይ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን አላስነሣውም፤ ሞጣ የተቃጠለውም መስጊድ ለጅግጅጋ ሰማዕታት ጧፍ አልሆነም።

ደግሞስ በእሳት መበቀልን አስቀድመው የጠየቁ ሰዎች አሉ። የሳምራውያን መንደር ክርስቶስን አላሳድርም ባለ ጊዜ የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ወርዶ መንደሩን ይብላው ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ። እነርሱ እንኳ ፈቃድ ጠየቁ! ጌታ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸውና ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ይህን ወንጌል ቄሱ ቆሞ ሲያነብብ፣ ሲተረጉም ሞጣም ብቸናም ስንት ዓመት ተሰምቷል?

እዚህ ላይ ለካህናቱ አንድ ነገር ልበል፤ የሚከፋው ይከፋው። አጋንንት ሲያስለፈልፉ ማየት ሕዝቡ ይወዳል። ሰይጣን በአንዲት ምስኪን አፍ እየጮኸ «ዓይነ ጥላ ነኝ፣ መተት ነኝ፣ እገሌ ላከኝ» ሲል ሺህ ሰው ይሰበሰባል፤ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸውም አያሌ ነው። የሚጮኽ ሰይጣን ይህን ያህል ገበያ ካለው፣ የማይጮኸውን ማን ያስወጣ? ለመጮኽ ያልመጣ፣ በሰው ጓዳ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ዋጋው በብር የሚቆጠር ሰይጣን አለ። በሥርዓታችን ንስሐ የገባ ሰው የወሰደውን ሳይመልስ ሊፈታ አይገባም። ዘኬዎስ እንኳ ቀራጭ ሆኖ ሳለ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ገና በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነው። እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት ባለበት አገር ይህን መጠየቅ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ በጀት አይፈልግም። ካህኑ ለጠበል ጸዲቅ ሲገባ መደብ ላይ የተነጠፈውን አዲስ ምንጣፍ ዓይቶ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ማለት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ የጠፋው ንብረት በእሳት የነደደው ብቻ አልነበረም፤ ያልነደደውም በእግሩ አልሄደም። በሰው ትከሻ ሄዷል፤ ያ ሰውም የንስሐ አባት አለው።