ኮምፕሬሰሩ ብቻ ቢለወጥ ምን ይጠቅማል?



ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ማቀዝቀዣ ለጋዜጣ መጻፍ ለብዙ አንባቢ ቅንጦት መስሎ እንደሚታይ አላጣሁትም። ጸሐፊው የጉለሌ ሰው ሲሆንማ ሳቅም ያስከትላል። ማለዳ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጋቢ የሚያስደርበው ሰው ስለ ቀዝቃዛ አየር ምን አስጨነቀው ቢባል እውነት ነው። እኔም እስከ አምና ድረስ እንደዚሁ እል ነበር። በመኪናዬ ውስጥ ማቀዝቀዣ መኖሩን የማስታውሰው ዘይት ለማየት ኮፈኑን ስከፍት ብቻ ነበር። ነገር ግን የደረሰብኝ ነገር አሳቤን ስላስለወጠኝ፥ ይልቁንም በመሥሪያ ቤት መኪናዎች ላይ ሲደርስ ያየሁት ስለ ሆነ፥ ይህችን ጽሑፍ በዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት መርሴዲስ 300 ዲ ናት። ባለ አምስት ሲሊንደር ናፍጣ ስትሆን አባቴ በጨረታ ገዝተው ለእኔ አወረሱኝ። ባልደረቦቼ «ይህችን አሮጊት ሸጠህ ለምን አትገላገልም?» ይሉኛል። ሸጬ በምን ልተካት? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የሁለቱን ውሳኔ ምክንያት አልነቅፍም። ይሁንና በደመወዝ ለሚኖር ሰው ትርጉሙ ያለህን ጠግነህ ያዝ ማለት ነው።

አምና ከፋሲካ በኋላ የእኅቴ ልጅ ሠርግ በድሬዳዋ ስለ ነበረ እናቴን ይዤ ልሄድ አሰብሁ። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የቆላውን ሙቀት ስለ ፈራሁላቸው ከጉዞው ሦስት ወር አስቀድሜ ማቀዝቀዣውን ባስነሣው ጥቂት ጮኸና ያዘ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። መካኒኩ ቱቦውን ሲፈታ የቀረው ጋዝ ፉ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ከዚያም ከተፈታ መኪና የወጣ ሌላ ኮምፕሬሰር አሰረ፥ አዲስ ጋዝ ሞላ፥ ገንዘቡን ተቀበለ። ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀበትም። አየሩም በእርግጥ ቀዘቀዘ። እኔም በሥራው ፍጥነት ተደስቼ ጉርሻ ጨመርሁለት።

ወለንጪቲን አልፈን ወደ መተሐራ ስንቃረብ ቺንግያው ጮኸ፥ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። ኮምፕሬሰሩ ነክሶ ቆሟል። ማቀዝቀዣውን ሳጠፋው መኪናዋ መሄዷን አላቋረጠችም፤ ነገር ግን የእናቴ ነገር ሌላ ሆነ። መስኮቱን ብከፍተው «ዝጋው ልጄ፥ የሚገባው እሳት ነው» አሉኝ፤ ብዘጋው ላብ አጠመቃቸው። ቀጥሎም ንግግራቸው ተቆራረጠብኝ። መተሐራ ጤና ጣቢያ ወስጄ ውኃ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ድሬዳዋ መቀጠል አልደፈርሁም፤ ፀሐይ እስኪበርድ ጠብቀን ተመለስን። እናቴ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ በስልክ ሰሙ። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ሌላ መካኒክ ፈለግሁ። ያገኘሁት ገና ወጣት ነው፤ ሆኖም ነገሩን ሁሉ ፈታትቶ እያሳየ አስረዳኝ። እኔ በሞተር ነገር ደንቆሮ አልነበርሁም፤ የሚከተለውን ግን አላውቅም ነበር።

የሞተር ዘይት በኮፓ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የእኔ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር ግን እንዲህ ያለ ኮፓ የለውም። ዘይቱ ከጋዙ ጋር እየተሸከመ በኮንደንሰሩ፥ በማድረቂያውና በክሩስኮቱ ሥር ባለው ማቀዝቀዣ ዞሮ ይመለሳል። መኪናዬ ስትሠራ የተሞላችው በጥንቱ ጋዝ፥ አር 12 በሚባለው ነው፤ ለእርሱ የሚስማማው ማዕድን ዘይት ነው። አሁን የሚሞላው አር 134 ኤ ግን ከማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ጋዙ ይዞራል፥ ዘይቱ በየማጠፊያው ተኝቶ ይቀራል፥ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ሲያዝ የተፋቀው ብረት በቱቦና በኮንደንሰር ውስጥ ነበረ፤ ማንም አላጠበውም። ማድረቂያውም የድሮው ነው። ወጣቱ ኮንደንሰሩን አጥቦ የወጣውን ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ላይ ቢያፈስልኝ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ሆኖ ብረቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። «ጋሼ፥ አዲስ ኮምፕሬሰር ቢያስገቡም ይህ ይበላው ነበር» አለኝ።

ማድረቂያውንና የጎማ ቀለበቶቹን ሁሉ ለወጠ፤ ለአዲሱ ጋዝ የሚስማማውን ዘይት በልክ ጨመረ። ከዚያም አየሩንና እርጥበቱን በቫኩም ፓምፕ ከአንድ ሰዓት በላይ አስመጠጠ። እዚህ ላይ አንድ የሚደነቅ ነገር ነገረኝ። የፋብሪካው መጽሐፍ የጌጁ ቀስት 29 ኢንች ያህል መድረስ አለበት ይላል። ጉለሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ወደ ሩብ ያህል ጎድሎ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ቀስቱ 22 ኢንች አካባቢ ይቆማል፥ ከዚያ አያልፍም። ይህን ያላወቀ መካኒክ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ወይም ሰልችቶት ሁለተኛ ጌጁን አያምነውም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ የሚያነበው በእንጦጦ ሥር ነው። በመጨረሻም ጋዙን በግምት ሳይሆን በሚዛን መዝኖ ሞላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ፤ ይኸውም ከእኔ መኪና የሚበልጥ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቆላ የሚወርዱ መኪናዎች ነበሩን። ሹፌሩ «ኮምፕሬሰር ተበላሽቷል» ብሎ ይጽፋል። እኔም «አንድ ኮምፕሬሰር ይገዛልን» ብዬ እፈርማለሁ። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል። ማድረቂያው፥ ዘይቱ፥ ቀለበቱ፥ የማጠቢያው ዋጋ በጥያቄው ላይ ስላልተጻፈ አይገዛም። አንድ ጊዜ ጋራዡ ማድረቂያ ያስፈልጋል ቢል አዲስ ጥያቄ፥ አዲስ ፕሮፎርማ ተባለና መኪናው ከወር በላይ ቆመ፤ በመጨረሻ «በድሮው ይታሰር» ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። በዓመቱ ውስጥ ያው መኪና ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ጠየቀ። የግዥ ሰነዱ ግን አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። በመተሐራ መንገድ ላይ ተቀምጬ የተናደድሁበትን መካኒክ ሳስብ፥ እርሱ ያደረገው እኔ በፊርማዬ ሳዝዝ የኖርሁትን ነው።

ሁለተኛው ነገር የጋዙ ነው። ያ ፉ ብሎ የወጣው አር 12 የሰማዩን የኦዞን ሽፋን የሚበላ ሆኖ ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል እንዲቀነስ ስምምነት ተደረገበት። አገራችንም በ1987 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆነች፤ በታዳጊ አገሮች መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ እንዲያበቃ ተወስኖ ነበር። አንድ ጊዜ ከወጣ ግን መቶ ዓመት ያህል በአየር ላይ ይቆያል። ተተኪው አር 134 ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ሆኖም ምድርን በማሞቅ በኩል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 እጥፍ ያህል ይበረታል። በ2009 ዓ.ም. በኪጋሊ የተደረገው ስምምነት እርሱንና መሰሎቹን ለመቀነስ ነው። ጋዙን መጥጦ በጠርሙስ የሚይዝ መሣሪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ጋራዥ ዋጋው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በየክፍለ ከተማው አንድ መሣሪያ ኖሮ ጋራዦች በኪራይ ቢጠቀሙበት ምን ይከለክላል? የተያዘው ጋዝ እኮ ተጣርቶ ተመልሶ የሚሸጥ ገንዘብ ነው። አንድ ወዳጄ ርካሽ ነው ብሎ የማብሰያ ጋዝ እንዳስሞላ መክሮኝ ነበር። ያቀዘቅዛል፥ አይካድም፤ ነገር ግን ቱቦው ክሩስኮት ሥር ቢሰነጠቅ ተሳፋሪዎቹ የሚቀመጡት በሚቀጣጠል ጋዝ ውስጥ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ አይደለም ወይ? ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል» የሚለኝ አለ። አያበቃም። የኤሌክትሪክ መኪናም ኮምፕሬሰር አለው፤ የሚያዞረው ቺንግያ ሳይሆን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። በብዙዎቹም ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው ጋዝ ነው። ዘይቱ ተሳስቶ ቢጨመር ኤሌክትሪክ አስተላልፎ ለጠጋኙም ለመኪናውም አደጋ ያመጣል። በአሮጌው መርሴዲስ ላይ ስሕተት ሲሠራ ሠርግ ያመልጣል፤ በአዲሱ ላይ ግን የሰው እጅ ይቃጠላል። ስለዚህ የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ሥራ በተግባር ማስተማርን ነገ የማይሉት ነው።

ለጉለሌ ሰዎችም አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ በጨርቅ እየወለወላችሁ የምትነዱ፥ ማቀዝቀዣውን ከማሞቂያው ጋር አብራችሁ ክፈቱት፤ አየሩን ስለሚያደርቀው መስታወቱ ወዲያው ይጠራል። በወር አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ማሠራትም ቀለበቶቹ ደርቀው ጋዝ እንዳያፈሱ ይጠቅማል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ምናልባት ባልተያዘ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የስምሪትና የግዥ ኃላፊዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በጥገና መጠየቂያው ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍ፤ ማድረቂያ፥ ዘይት በዓይነቱ፥ ቀለበት፥ እጥበት ተብሎ በአንድ ጥያቄ፥ በአንድ ፕሮፎርማ ይቅረብ። ዕቃ ሻጩም ኮምፕሬሰሩ አዲስ ወይም የታደሰ ወይም ከሌላ መኪና የወጣ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ጋራዡም የሞላውን ጋዝና ዘይት ዓይነት በኮፈኑ ሥር ለጥፎ ይስጥ፤ ቀጥሎ የሚፈታው መካኒክ በግምት እንዳይሠራ። የእኔ ወጣት ይህን ሳልጠይቀው በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለጥፎልኛል። እናቴ ደግሞ ድሬዳዋ የተወለደውን ሕፃን ለማየት ለጥር ቀጠሮ ይዘዋል።

አንድ የጉለሌ ነዋሪ
አዲስ አበባ