«ለአሮጌ መኪና ምን አስጨነቃችሁ?» ለሚሉን

በማኅበረሰባችን ውስጥ እየተለመደ የመጣ አንድ አባባል አለ። ከመኪና አስመጪው ድርጅት «በመኪናዎ ላይ የፋብሪካ ጉድለት ስለ ተገኘ መጥተው በነፃ ያሠሩ» የሚል ደብዳቤ፣ እዚህ አገር ሁሉም ሪኮል የሚለው ማለት ነው፣ ሲደርስ «መኪናው አርጅቷል፤ ነገ ለሚጣል ነገር የአንድ ቀን ደመወዝ አላቃጥልም» ይባላል። ይህን የሚሉት ግድየለሾች ቢሆኑ ኖሮ ባልጻፍን ነበር። የሚሉት ግን ሌሊት ሠርተው ልጆች የሚያሳድጉ፣ እያንዳንዱን ሰቅል ቆጥረው የሚያወጡ አባቶችና እናቶች ናቸው።

ክርክሩ የሚበረታው በሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር ተጋግዞ በሚሄደው መኪና ላይ ነው። ከ2009 ጀምሮ መንግሥት ብክለታቸው አነስተኛ ለሆኑ መኪናዎች የግዢ ግብር ስለ ቀነሰ እነዚህ መኪናዎች በአገሩ በዙ። በአዲስነታቸው ሌሎች ነዷቸው፤ ወደኛ ሰፈር የደረሱት በሦስተኛና በአራተኛ እጅ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እንየው። በፌብሩዋሪ 2014 ቶዮታ በመላው ዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ፕሪየስ መኪናዎችን ጠራ። ምክንያቱ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚያስተላልፈው ኢንቨርተር የተባለው ክፍል ነበር። የሚመራው ፕሮግራም በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ከመጠን በላይ እንዲግሉ ሊያደርግ ይችላል። እነሱ ሲጎዱ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ መኪናው ጉልበት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም እየሄደ ቀጥ ይላል። በኦክቶበር 2018 ደግሞ 2.43 ሚሊዮን ፕሪየስና ኦሪስ ተጠሩ፤ ቀደም ሲል ለተመሳሳይ ችግር የታረሙ መኪናዎች ናቸው። የመጀመሪያው እርማት ያላሰበው ነገር ተገኝቶ ነው፦ መኪናው ጉልበቱን ቀንሶ ሹፌሩን ወደ ዳር ማድረስ ሲገባው በአንድ ጊዜ ኃይል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «እኔ በፊት አሠርቻለሁ» ማለትም አያዋጣም።

አሁን «አርጅቷል» ወደሚለው እንምጣ። በየጉዞው የሚግልና የሚበርድ ክፍል በዓመት ብዛት ይደክማል እንጂ አይጠነክርም። የታካታ ኤር ባግ ከዚህም የባሰ ነው። ከረጢቱን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ለብዙ ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል፤ በግጭት ጊዜ የብረት ማቀፊያውን ሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ ሹፌሩ ይወረውራል። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአሽቀሎንንና የነታንያን በጋ የሚያውቅ ሰው ሙቀትና እርጥበት ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። እንግዲህ መኪናው አሮጌ መሆኑ ላለመሄድ ምክንያት ይሆናል ወይስ ለመሄድ?

«ቴስት አልፏል» የሚሉንም አሉ። ቴስት ፍሬንን፣ መብራትንና ጭስን ያያል፤ ኢንቨርተሩን ፈትቶ ትራንዚስተሩ ደክሞ እንደ ሆነ የሚመረምር የለም። «የሰፈራችን መካኒክ ያየዋል» ለሚሉትም፣ የፕሪየስ ትልቁ ባትሪ 200 ቮልት ገደማ ነው፤ ኢንቨርተሩ በሦስተኛው ትውልድ እስከ 650 ቮልት ያደርሰዋል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ያልሠለጠነ ሰው ሊነካቸው አይገባም።

አንድ ስጋት ግን እውነት አለው። «በነፃ ብለው ጠርተው ሌላ ያስከፍላሉ» የሚለው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የምናውቃቸው አንዲት እናት ለሪኮል ሄደው የአራት ሺህ ሰቅል የጥገና ዝርዝር ተሰጥቷቸው፣ ካልፈረሙ መኪናውን የማይመልሱላቸው መስሏቸው ፈርመዋል። እኛም ተናደናል። መፍትሔው ግን መቅረት አይደለም። የሪኮል ወጪ የአስመጪው ነው። ከመግባትዎ በፊት «ራክ ኤት ሃሪኮል»፣ ሪኮሉን ብቻ፣ ይበሉ፤ በሥራ ትእዛዙ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ሌላ ወረቀት አይፈርሙ፤ ሲወጡ የተሠራውን የሚገልጽ ማስረጃ ተቀብለው ያስቀምጡ። በካሊፎርኒያ አንድ የቶዮታ ነጋዴ ራሱ የ2014ቱ እርማት በቂ አይደለም ብሎ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ከስሷል። ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ ምን ዋጋ አለው» የሚሉ አሉ። ነገ ክፍሉ ቢበላሽ አቤት ለማለት የሚችለው ግን ተጠርቶ የሄደና ወረቀቱን የያዘ ሰው ነው።

ለሁሉም ነገር ወላጆቻችንን መውቀስ ደግሞ ግፍ ይሆናል። በሥራችን ያገኘናቸው አንድ አባት ሦስት የሪኮል ደብዳቤዎች ከኩፓት ሆሊምና ከባንክ ወረቀቶች ጋር በፌስታል አስረው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው አንብቦ «ማስታወቂያ ነው አባዬ» ብሏቸዋል። ልጁ አልዋሸም። ደብዳቤው በከባድ ዕብራይስጥ፣ በባለ ቀለም ወረቀት፣ ከድርጅቱ አርማ ጋር የመጣ ነው፤ «ሊሞቱ ይችላሉ» የሚለው ነገር በአራተኛው አንቀጽ ተሸሽጓል። እኚህ አባት ሌሊቱን ሠርተው በንጋት በፈጣን መንገድ ወደ ቤት የሚመለሱ ሰው ናቸው። የቤተሰቡ ደኅንነት በሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትርጉም ላይ መንጠልጠሉን አስመጪዎቹ እንደ ተራ ነገር ማየታቸውን አንቀበልም። መኪናውን ሲሸጡልን በአማርኛ የሚያግባባ ሻጭ አያጡም፤ ለሪኮል ሲሆን ግን በአማርኛ የሚመልስ አንድ የስልክ መስመር ይጠፋል።

ደብዳቤው ጭራሽ የማይደርሳቸውም ብዙ ናቸው፤ የሚላከው በተመዘገበው ስምና አድራሻ ነውና። ስም ሳያዛውር በእጅ የገዛ፣ ወይም ከኪርያት ማላኪ ወደ ረሆቮት ቤት ሲቀይር አድራሻውን በምስራድ ሃፕኒም ያላስመዘገበ ሰው ደብዳቤ አይጠብቅ። የመኪናውን ቁጥር በምስራድ ሃታሕቡራ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተሠራ ሪኮል መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የአንድ ቀን ደመወዝ የሚለው ይቀራል። ጥቂት አይደለም፣ እናውቃለን። ቢሆንም ቀጠሮው ዓርብ ጠዋት ወይም ከሌሊት ሥራ መልስ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ «ቦታ የለም» ቢሉ ደግመው ይደውሉ፤ ዕብራይስጥ የሚቸግራቸው ከሆነ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሯቸው ይደውል። ደብዳቤውንና የመኪናውን ሪሻዮን ይዘው ይምጡ፤ ልጁን ግን ከትምህርት ቤት አያስቀሩት።