ከውጫሌ ውል እስከ ጤፍ ውል፦ ነባር ዕውቀትን ከሳይንስ ጋር ማን ያዋሕድ?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ጎዳና ሐይቅን አልፎ የአምባሰልን ተራራ ግርጌ ሲከተል ውጫሌን ያገኛል። ይስማ ንጉሥ በተባለው በዚያው አካባቢ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አይኖርም። የ17ኛው አንቀጽ ነገርም እንዲሁ የታወቀ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ደግሞ ለመጠቀም ተስማምተዋል ይል ነበር። በአንዱ ፈቃድ የነበረው በሌላው ግዴታ ሆነ። ሁለቱም ጽሑፎች የታተሙት በአንድ ማኅተም ሲሆን፣ ልዩነታቸው የተፈታው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ውል ለመጻፍ ምን አነሣሣው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው። «አገር በቀል ዕውቀትን ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር ማዋሐድ» የሚለው ሐረግ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ዕቅዶች ውስጥ የማይገኝበት ገጽ የለም። ዕቅዶቹ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ቋንቋ ይጻፋሉ። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በሚቀርበው የአማርኛ ቅጂ ገበሬው ወይም የቤት እመቤቷ «ባለድርሻ» ናቸው፤ ለገንዘብ ሰጪው በሚላከው የእንግሊዝኛ ቅጂ ደግሞ «የመረጃ ምንጭ» ይሆናሉ። ባለድርሻ ድርሻ አለው። ምንጭ ግን የሚቀዳ ነገር ነው፤ ቀጂው ምንጩን አመስግኖ እንስራውን ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ስለ ውሕደቱ አስፈላጊነት የሚካሄደው ክርክር ያለቀለት ነው። ያላለቀው ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ነገር የሚናገሩበት ሥርዓት ነው።

የጤፍን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅቱ «ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ወስዶ ምርት እንዲያመርትበት፣ ከሚያገኘውም ጥቅም ለኢትዮጵያ እንዲያካፍል የተደረገ ስምምነት ነበር። ውሉ በጤፍ ላይ ያለው የሕዝቡ ባህላዊ ዕውቀት ያለ ተለየ ስምምነት እንዳይነካና መብትም እንዳይጠየቅበት የሚከለክል ድንጋጌ ነበረው። በጊዜው እንደ አርአያ የተቆጠረ ውል ነው። ነገር ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለማግኘት ማመልከቻው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ማለትም ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መብቱን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ የባለቤትነት መብቱ ግን አብሮ አልሞተም። ከኩባንያው ጋር የተሳሰሩ ሰዎች እጅ ሲገባ ኢትዮጵያ የቀራት ውል ተዋዋይ የሌለው ወረቀት ሆነ። ጉዳዩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት አገሪቱ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ገና በእንጭጩ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ፕሮጀክት ነው።

እስከዚህ ያለው የሕግ ባለሙያዎች ታሪክ ነው። የእኛን ፋኩልቲ የሚመለከተው በፓተንቱ ውስጥ የነበረው ፊዚክስ ነው። መብቱ የተጠየቀው በጤፉ ተክል ላይ አልነበረም፤ በሚፈጭበት ሰዓት «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 በሆነ ጤፍ ዱቄት ላይ ነበር። የመውደቂያ ቁጥር ስዊድናዊው ሃግበርግ በ1960ዎቹ መባቻ ለስንዴ ያስተዋወቁት መለኪያ ነው። 7 ግራም ዱቄት በ25 ሚሊሊትር ውሃ ተበጥብጦ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ሆኖ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ለ60 ሴኮንድ ከተማሰለ በኋላ ማማሰያው ዘንግ ከላይ ይለቀቅና በገንፎው ውስጥ በራሱ ክብደት እስኪሰምጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ ማማሰያው 60 ሴኮንድ ተጨምሮበት፣ ይቆጠራል። አዲስ በታጨደ እህል ውስጥ ስታርች የሚቆርጠው ኢንዛይም ገና ንቁ ከሆነ ገንፎው ይቀጥንና ዘንጉ ቶሎ ይወድቃል። እህሉ ሰንብቶ የኢንዛይሙ ኃይል ሲደክም ገንፎው ይወፍራል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። በአጭሩ ፓተንቱ የሚለው፦ ጤፍ ታጭዶ ወዲያው አይፈጭ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰንብት ነው።

ጤፍ ሸምቶ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ገበያ የወጣች ሴት ነጋዴውን የምትጠይቀው «አዲስ ነው ወይስ የከረመ?» ብላ አይደለምን? የከረመ ጤፍ «ውሃ ያነሣል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የተመዘገበውን ፓተንት ፈጠራ የሚያሰኝ እርምጃ የለበትም በማለት ውድቅ አድርጎታል። ክርክሩ ግን በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል እንጂ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ክስ አልነበረም። እኛ ዜናውን በደስታ የሰማነው ከተመልካች ወንበር ላይ ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚቆጨው ግን በፍርድ ቤቱ ጉዳይ አይደለም። «ውሃ ያነሣል» የሚለው አባባል ፍጹም ሊለካ የሚችል አካላዊ ባሕርይ ሆኖ ሳለ፣ የማማ እገሌን አባባልና የሃግበርግን ዘንግ ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የዘወትር ሥራ አለመሆኑ ነው የሚያስቆጨው። ውሃ ማንሣት ማለት ዱቄቱ የሚይዘው የውሃ መጠን ነው? ወይስ የቡሆው ዝልግልግነት? ወይስ ከአንድ ቁና የሚወጣው የእንጀራ ቁጥር? ባለሙያዋ ሦስቱንም በአንድ ቃል ትጠቅልላቸዋለች፤ ለእርሷ ሥራ ይበቃታልና። ለላቦራቶሪው ግን ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው።

አብሲት ከዚህ የባሰ ድንቅ ነው። ከቡካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና ተመልሶ ይቀላቀላል። በሳይንሱ ቋንቋ የስታርቹ ከፊል ወደ ሙጫነት ተለውጦ ለቀሪው ቡሆ ወፍራምነት ይሰጠዋል፤ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ እንዳያመልጥ ይይዘዋል፤ ምጣዱ ላይ ሲደርስም ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጡ የእንጀራው ዓይን ይሠራል። የአብሲቱ መጠን ጥቂት ቢያንስ ወይም ቢበዛ ዓይኑ ይበላሻል። ግሉተን የሌለው ዱቄት እንዴት ጋዝ ይይዛል የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር ትላልቅ የምግብ ላቦራቶሪዎችን የሚያደክም ነው። ዶክትሬቴን በምሠራበት አገር ስለ ዝልግልግ ፈሳሾች በተሰጠን ኮርስ ምሳሌዎቹ ቀለም፣ ኬቻፕና የጥርስ ሳሙና ነበሩ። ተመልሼ ሳስተምርም በእጃችን የነበረው መማሪያ መጽሐፍ እነዚያኑ ኬቻፕና የጥርስ ሳሙና ይዞ ጠበቀኝ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ኬቻፕ የቀመሱት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው፤ ቡሆ ሲቦካ ያላየ ግን አንድም አልነበረም።

የጤፉ ታሪክ ብቸኛ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር እንዳገኙ ይታወቃል። የልብስ አጣቢዎቹ ዕውቀት ከሠለጠነ ዓይን ጋር የተገናኘበት ያማረ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሌላ ጎጂ የውሃ ፍጥረት ላይ ለመጠቀም ፓተንት ሲያገኝ ለአጣቢዎቹ የተረፈ ነገር አልነበረም።

መንገዱ በሌላ አቅጣጫም እንደሚሄድ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ዶክተር መላኩ ወረደ የአዲስ አበባውን የዘረ መል ማዕከል ሲመሩ ዘርን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝበው በሸዋና በወሎ የገበሬው ማሳ ራሱ የዘር መጠበቂያ እንዲሆን አደረጉ። ገበሬው በዚያ ሥራ መራጭ ነበር፤ መረጃ ሰጪ ብቻ አልነበረም። (እርሳቸውም፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የውጫሌ ውል በተፈረመ ልክ በ100ኛው ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ደስ ይላል።) በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአማራ ክልል ገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም የሚኖሩ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ወንዶች፣ 400 ዓይነት የዱረም ስንዴ ማሳ ላይ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ፤ ተመራማሪዎቹም ነጥቡን ከዘረ መል መረጃው ጋር አገናዘቡት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት የተመራማሪው ማስመሪያና ሚዛን ያላመለከታቸውን የዘረ መል ቦታዎች የገበሬዎቹ ዓይን አመልክቷል። ገበሬው ራሱ እንደ መለኪያ መሣሪያ ተቆጠረ ማለት ነው፤ ለፊዚክስ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር የለም።

ሆኖም ነባር የሆነ ሁሉ ትክክል ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከውጫሌ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አገሪቱ ከነበሯት ታላላቅ የትምህርት ማዕከላት አንዱ ነው። በየአብነት ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ደግሞ የሒሳብ መምህር የሚቀናበት ሥርዓት ነው፦ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። ተማሪዎቻችን በሁለተኛ ዓመት የሚቸገሩበትን የቀሪ ስሌት የአብነት ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። ነገር ግን ስሌቱ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል አድርጎ ይይዛል። በእኛ አቆጣጠር 365 ቀን ከሩብ የሆነው ዓመት 19 ጊዜ ሲባዛ 6939.75 ቀን ነው፤ 235ቱ የጨረቃ ወራት ግን 6939.69 ቀን ገደማ ናቸው። ልዩነቱ በአንድ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢሆንም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል፤ ዛሬ የስሌቱ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ በአራት በአምስት ቀን ተለያይተዋል። ይህን መናገር ባሕረ ሐሳብን መድፈር አይደለም። የአብነት ተማሪና የፊዚክስ ተማሪ በሐይቁ ዳር አብረው ቆመው ለአንድ ዓመት የጨረቃን መወለድ ቢመዘግቡ አንዱ ስሌትን፣ ሌላው የመለኪያ ስሕተትን ከባልንጀራው ይማራል። ያልተፈተነ ዕውቀት በሙዚየም ይቀመጥ ይሆናል እንጂ በትምህርት ቤት አይሰጥም።

እንግዲህ ሥልጠናውን ማን ይምራው? «አሠልጣኙ ከውጭ ይመጣል፣ አገር በቀሉ ይሠለጥናል» የሚለው ልማድ እንዲቀር ከተፈለገ ለውጡ ከምረቃ ጽሑፍ ፈተና መጀመር አለበት። ስለ ቡሆ ዝልግልግነት የሚጻፍ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ሲፈተን ከሁለቱ ፈታኞች አጠገብ ሦስተኛዋ እንጀራ ጋጋሪ ትሁን፤ ጥያቄዋም ድምፅ ይኑረው። ስለ ምጣድ ሙቀት ሲሆን ሸክላ ሠሪዋ ትገኝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የስምምነቱ የአማርኛ ጽሑፍ ገዢ እንዲሆን፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ከ1881 ዓ.ም. ያገኘነው ትምህርት ቢያንስ ይህን ያህል ሊጠቅመን ይገባል።

ሕጉም ቢሆን የለም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በዘረ መል ሀብትና በተያያዥ ዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ያለ ፈቃዳቸውም እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ግን የሚሸፍነው ከዘረ መል ሀብት ጥበቃና አጠቃቀም ጋር የተያያዘውን ዕውቀት ነው። የአብሲት ዕውቀት በጤፍ በኩል ሊገባ ይችላል፤ የሸክላ ሠሪዋ የአፈር አመራረጥና የአተኳኰስ ዘዴ፣ ወይም ባሕረ ሐሳብ፣ በየትኛው በር ይገቡ ይሆን? ፋኩልቲዎቻችን የሕግ አውጪውን ሳይጠብቁ በራሳቸው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ሊሞሉት የሚችሉት ክፍተት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው የቅጽ ጉዳይ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ፈታኝ ለመጋበዝ አበል ያስፈልጋል፤ አበል ለመክፈል የክፍያ ቅጽ ይሞላል። እኔ በማውቀው ቅጽ ላይ የተከፋዩ የትምህርት ደረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ፕሮፌሰር ከሚለው ጀምሮ እስከ ዲፕሎማ ድረስ በየደረጃው ተመን ተቀምጦለታል። ሠላሳ ዓመት የጋገረች ሴት የምትገባበት መስመር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «የቀን ሠራተኛ» ይላል።