የመንገድ ዳር አይስ ክሬም ሱቆች ታሪክና የውል ጥንቃቄ

በመንገድ ዳር የቆመች፣ ጠረጴዛና ወንበር የሌላት፣ በመስኮቷ በኩል ብቻ አይስ ክሬም የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ለነጋዴ ትምህርት ትሰጣለች ቢባል የሚስቅ ሰው አይታጣ ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በእነዚህ ሱቆች ላይ የተመሠረተው ንግድ ታሪኩ ቢመረመር፣ በሌላ ሰው የንግድ ስም ለሚሠራ ባለሱቅም ሆነ የውጭ አገር ፋብሪካ ወኪል ለሆነ አስመጪ ታላቅ ምክር ይገኝበታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በግሪክ አገር የተወለደው ቶም ካርቬል በ1934 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃርትስዴል በምትባል ስፍራ፣ አይስ ክሬም ጭኖ ሲሄድ የመኪናው ጎማ ተነፈሰ። ዕቃው መቅለጥ ስለ ጀመረ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ሸጠው፤ ገዢውም የለሰለሰውን አይስ ክሬም ወደደው። ካርቬልም ይህን ተመልክቶ፣ በ1936 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ቋሚ ሱቅ ከፈተ።

በኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ጆን ማከላና ልጁ አሌክስ ወደዚሁ አሳብ በሌላ መንገድ ደረሱ። አይስ ክሬም እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር የሚቀዘቅዘው ለማጓጓዝና ለማስቀመጥ እንዲመች ነው እንጂ ለበላተኛው ጣዕም ሲባል አለመሆኑን አስተዋሉ። በነሐሴ ወር 1938 ዓ.ም. በካንካኪ ከተማ፣ ሸርብ ኖብል በሚባል ደንበኛቸው ሱቅ፣ በ10 ሳንቲም የፈለገ የፈለገውን ያህል ይብላ ብለው ለስላሳውን አይስ ክሬም ቢያቀርቡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ1,600 በላይ ተሸጠ። ሆኖም ለዘወትር ሥራ የሚሆን ማሽን ስላልነበራቸው፣ ሃሪ ኦልትዝ ከተባለው የማሽኑ ፈልሳፊ ጋር ተዋዋሉ። ከዚህ በኋላ ዴይሪ ኩዊን የተባለው ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው ሱቅ በሰኔ ወር 1940 ዓ.ም. በጆሊየት ከተማ ተከፈተ።

ከጦርነቱ በኋላ መኪናና ተጓዥ ስለ በዛ፣ ንግዱ እጅግ ተስፋፋ። በ1947 ዓ.ም. 100 ያህል የነበሩት የዴይሪ ኩዊን ሱቆች በ1950 ዓ.ም. 1,446፣ በ1955 ዓ.ም. 2,600 ደረሱ። ይህ ሁሉ የሆነው ባለቤቶቹ ሱቆቹን በራሳቸው ገንዘብ ስለ ሠሩ አይደለም። በስሙና በማሽኑ የመጠቀምን መብት በየአገሩ ክፍል እየከፋፈሉ ሸጡ፤ የገዛውም ሰው በተራው ለባለሱቆች አከፋፈለ። ባለሱቁ በጥቂት ሠራተኛና በትንሽ ቤት የታወቀ ስም ይዞ ይነግድ ጀመር።

ይሁን እንጂ ንግዱ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ ክርክሩም አብሮ አደገ። በ1954 ዓ.ም. የኦልትዝ ማሽን የፈጠራ መብት ዘመኑ ሲያልቅ፣ «እንግዲህ የምንከፍለው ስለ ምንድን ነው?» የሚሉ ባለመብቶች ተነሡ። ለስሙ ነው ወይስ ለማሽኑ ነው የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ ወሰደ። እንዲሁም በ1949 ዓ.ም. አንድ ኩባንያ በፔንሲልቬንያ ግዛት አንዳንድ ክፍሎች በስሙ ብቻውን እንዲሠራ 150,000 ዶላር ሊከፍል ተዋውሎ ነበር። በኋላ ባለስሞቹ ክፍያው ጎድሏል፣ ውሉም ፈርሷል ብለው ከሰሱት። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1962 ዓ.ም. የተወሰነው ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሊሰሙት ይገባል ተብሎ ነው። እንግዲህ ውሉ ከተፈረመ ከ12 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ገና ማን ይፍረድ የሚለው መነጋገሪያ ነበረ ማለት ነው።

የካርቬል ባለሱቆችም በበኩላቸው፣ ዕቃውን ሁሉ ከኩባንያው ብቻ እንድንገዛ መገደዳችን ሕግን የሚቃረን ነው ብለው ከሰሱ። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት በአብዛኛው ለኩባንያው ፈረደ። ስሙን የሚያከብረው የዕቃው ጥራት ነውና፣ ባለስሙ ጥራቱን ለመጠበቅ መቆጣጠሩ ተገቢ ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አስተያየት፣ በነዚህ ክርክሮች ውስጥ ባለስሙን ወይም ባለሱቁን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጥፋቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ይኸውም ስሙ፣ ማሽኑና ዕቃው፣ በአንድ ዋጋ ተጠቅልለው መሸጣቸው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የፔንሲልቬንያው ውል ግን በጽሑፍ ነበረ። ግልጽ ሆኖ ያልተጻፈ ውል የሚያወርሰው ክርክርን ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ ውልን በየነጥቡ መመርመር አለመተማመንን ያሳያል፣ ወዳጅነትንም ያሻክራል ይላሉ። እኛ ግን ወዳጅነትን የሚያጸናው በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነጋገር ነው እንላለን። ባለስሙ አንዱን ውል ቢያጣ ሌሎች ብዙ አሉት፤ ባለሱቁ ግን ያለው ያ አንድ ሱቅ ነው፤ የቤተሰቡም ጥሪት ያለው በዚያ ነው።

ስለዚህ ማንም ነጋዴ በሌላ ስም ለመሥራት ከመፈረሙ በፊት፣ ለስሙ ስንት፣ ለማሽኑ ስንት፣ ለዕቃው ስንት እንደሚከፍል ለየብቻው ያስጽፍ። የማሽኑ የፈጠራ መብት ሲያልቅ ክፍያው ይቀንስ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ከ1956 ዓ.ም. ሕግ በኋላ በአሜሪካ የተሠሩት ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ተጓዡን ከአሮጌው መንገድ ወስደውበት ስንቱ ባለሱቅ ባዶ መንገድ ሲያይ ቀርቷልና፣ ገበያው ቢዞር ሱቁን ወደ ሌላ ስፍራ የማዛወር መብት እንዳለው ያረጋግጥ። ይህን ሁሉ ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ያላገኘ ሰው ግን፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ብዕሩን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።