እንግዳው በግ ለብቻው ይደር

ውድ አንባቢ፤ በአገራችን ልማድ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ታጥቦ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ገበታ ይቀርባል፤ ደጅ ማቆም ነውር ነው። ከገበያ የመጣ በግ ግን እንዲህ ያለ አቀባበል አይገባውም። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው።

ምናልባት እርስዎም ከደመወዝዎ ቆጥበው ለአባትዎ አንድ የቦንጋ አውራ በግ ገዝተው ለመላክ አስበው ይሆናል። አሳቡ መልካም ነው። የቦንጋ በግ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አልባ፣ ላቱ ረዥምና ወፍራም፣ ገላውም ትልቅ ነው። በካፋ፣ በአዲዮ ወረዳ፣ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከአርቢዎቹ ጋር ሆኖ የተሻሉትን አውራዎች በመምረጥ እንዲራቡ ስላደረገ፣ በጉ ከአካባቢውም ውጭ ተፈላጊ ሆኗል።

ነገር ግን በጉ በሆዱ የማይታይ ጭነት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል አንዲቱ እንስት ብቻ በቀን 5,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከፋንድያው ጋር መስክ ላይ ይወድቃል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ተፈልፍሎ በጤዛው ላይ እየተሳበ ወደ ሣሩ ጫፍ ይወጣል፤ ሌላው በግ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል። እንደ ካፋ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ትሉ የሚያርፍበት ወር ጥቂት ነው።

ይህ ነገር የበግ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች አዲስ ዓሣ ሲገዙ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቅሉም። በዓሣው ገላ ላይ ነጭ ነጥብ እየሆነ የሚታየው ጥገኛ ተሕዋስ ጠግቦ ከዓሣው ይለቃል፤ ከገንዳው ሥር ተጣብቆ ይባዛል፤ ከዚያም በመቶ የሚቆጠር ሆኖ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። ስለዚህ አዲሱን ዓሣ በሌላ ገንዳ ለይተው፣ በመዳብ መድኃኒት እያከሙ፣ ሳምንታት ያቆዩታል። የዓሣው ገንዳና የአባትዎ መስክ በዚህ አንድ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተበከሉ ማጽዳቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በጉ እንደ ደረሰ በደረቅ ቦታ፣ ሣር በሌለበት በረት ለብቻው ይታሰር። በግ ብቻውን ሲሆን ስለሚጮህና ስለሚጨነቅ፣ ሌሎቹን በዐይኑ እያየ ሳይነካካቸው ቢሆን ይሻላል። የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ነጣ ካለ፣ ወይም ከመንጋጋው ሥር እብጠት ካለ፣ ትሉ ደሙን እየጨረሰው ሊሆን ይችላል። መዥገርና እከክም ይፈለግ። የትል መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም በገላው ክብደት ልክ ይስጠው እንጂ ከጉልት አይገዛ። ያነሰ መድኃኒት ደካማውን ትል ገድሎ ብርቱውን ያተርፋል፤ ብርቱው ትል ደግሞ መስክ ከገባ በኋላ መድኃኒቱ አይበግረውም።

መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን መስክ አይውጣ፤ በሆዱ የቀረው እንቁላል በበረቱ ይውደቅ፤ ፋንድያውም ተጠርጎ ርቆ ይቀበር። ከዚያም በኋላ ሌላ በሽታ እንዳለበት ለማወቅ ሦስት አራት ሳምንት ከመንጋው ተለይቶ፣ ሣሩ እየታጨደለት፣ በራሱ ገንዳ እየጠጣ ይቆይ። የሚንከባከበውም ሰው አስቀድሞ የነባሮቹን በጎች ሥራ ይጨርስ፤ እንግዳው የመጨረሻ ይሁን። ላቦራቶሪ ባለበት አካባቢ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋንድያውን ማስመርመር መድኃኒቱ መሥራቱን ያረጋግጣል።

«ይህ ሁሉ ለአንድ በግ?» ይሉ ይሆናል። ታሪካችንን ያስታውሱ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ በሬ ጠፍቶ እርሻው ጦም አደረ፤ የክፉ ቀን ረኃብም ተከተለ። ደስታ ትል ሳይሆን ቫይረስ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ይሁን እንጂ የገባበት በር ያው ነው፤ ሳይጠየቅ የተቀላቀለ እንግዳ ከብት።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፤ በጉን ሲልኩ ምክሩንም አብረው ይላኩ። አባትዎ መንጋውን ያሳደጉት በብዙ ዓመት ድካም ነው፤ የእርስዎም ስጦታ ያንን ድካም የሚያለማ እንጂ የሚያጠፋ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።